በዓለኞችና አዕዋፍ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ

ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነውና ስሙን ከመንገደኞች መሰብሰቢያ የወሰደው መናኸሪያ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ዋዜማ የሊቀ መላእክት የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ከየአገሩ በሚጎርፈው ምእመን፣ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ በደረሰ ጊዜም የባህል ልብሱን ለብሶ ከየወረዳው በሚመጣው ሕዝብ ተጨናንቆ ይታያል። በዓሉን አክብሮ የጨረሰ እንግዳ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ሐይቁን ሳያይ መሄድ አይሆንለትምና ወደ ምዕራብ ወርዶ በፍቅር ሐይቅ ይንሸራሸራል፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ይበላል፣ ልጆቹን ይዞ በጀልባ ይሳፈራል። በዚያው ዳርቻ ግን በማንም መዝገብ ስሙ ያልተጻፈ፣ ወራቱን ጠብቆ ከዘመናት ጀምሮ ሳያጓድል የሚመጣ ሌላ እንግዳ አለ፤ ይኸውም ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ ተነሥቶ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ የሚወርደው የውሃ ዳር ወፍ ነው፤ ለእርሱም መናኸሪያው ሐይቁ ራሱ ነው። ይህች ጽሑፍ በዓለኛውን ሰውና በዓለኛውን ወፍ ለማስተዋወቅ የተነሣች ናት፤ ሁለቱ በተለይ በታኅሣሥ አንዱን ዳርቻ በአንድ ወቅት ይካፈላሉና መተዋወቃቸው የግድ ነው።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የተኛ፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም እጅግ ቢበዛ ከ20 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው። ዋና መጋቢው ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ሲሆን፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ውሃ በፀሐይ እየተነነ ጨው መሆን ሲገባው ጣፋጭ ሆኖ የኖረው በመሬት ውስጥ ሰርጎ የሚሄድበት መንገድ ስላለው ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። መውጫ ማጣቱ ሌላም ባሕርይ ሰጥቶታል፤ ዝናቡ በበዛበት ዘመን ይሞላል፣ በጎደለበት ዘመን ይሸሻል፣ ስለዚህም ዳርቻው ዛሬ ባለበት ስፍራ ነገ አይገኝም። ሰው ይህን መዋዠቅ እንደ ክፉ ጠባይ ቆጥሮ በክትርና በግንብ ሊገታው ይደክማል፤ ጎርፍ ቤቱን ያፈረሰበት ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለወፎቹ ግን ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው፣ ጭቃም ውሃም ሊባል የማይችለው፣ ጣት ሁለት ጣት ውሃ ያዘለው ቀጭን መሬት የዓመት ማዕዳቸው ነው። በውስጡ ትሎችና የነፍሳት ዕጮች በብዛት ይገኛሉ፤ ከግንቡ እግር ሥር ግን ምንም የለም።

በሐይቁ ዳር ነዋሪ ከሆኑት አዕዋፍ ሁሉ ለሰው የቀረበው አባ ኮዳ ነው። ማለዳ ጀልባዎቹ ወደ አሞራ ገደል ሲመለሱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ከመረቡ እየፈቱ ሲያወርዱ፣ ጎረምሶቹም ቅርፊቱን እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ፣ እርሱ ከሰው እግር ሥር ቆሞ የሚጣልለትን ራስና አንጀት ይጠብቃል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፉን በዘረጋ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ራሱ መላጣ ነው፣ ከአንገቱ ሥር የቆዳ ከረጢት ይንጠለጠላል፣ ጥቁር የሆነው ቅልጥሙም በራሱ ኩስ ነጭ ለብሶ ይታያል፤ ይህም ፀሐይ በበረታ ጊዜ ሰውነቱን የሚያበርድበት ጥበብ ነው እንጂ ንጽሕናን ከማጣት የመጣ አይደለም። መልኩን አይቶ የሚጸየፈው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ገበያው በየቀኑ የሚጥለው የዓሣ ትርፍራፊ ሁሉ በዚያው ቢከማች ኖሮ ሽታውንና ዝንቡን ማን በቻለው? ይህ ወፍ ደመወዝ ሳይጠይቅ የከተማውን የጽዳት ሥራ የሚሠራ ነውና በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ውብ ወፍ ይልቅ ምስጋና ይገባዋል።

ከገበያው ጫጫታ ራቅ ብሎ ቄጠማውና የውሃው አበባ በበዛበት ስፍራ በትዕግሥት የቆመ ሰው ደግሞ ከዚህ ፍጹም የተለየ ፍጥረት ያያል። ጀርባው የዛገ ብረት ቀለም ያለው፣ ግንባሩ ሰማያዊ፣ የእግሩ ጣቶች ከሰውነቱ ጋራ እስከማይመጣጠኑ ድረስ የረዘሙ ወፍ በተንሳፋፊው ቅጠል ላይ ሳይሰጥም ይራመዳል፤ ጣቶቹ ክብደቱን በቅጠሉ ላይ ስለሚበትኑለት ነው። ጃካና ይሉታል። የዚህ ወፍ ሴቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ እንቁላሏን በተንሳፋፊው ቅጠል ላይ ጥላ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈው፣ የሚፈለፍለውና የሚያሳድገው አባቱ ነው። አደጋ በመጣ ጊዜ ጫጩቶቹን በብብቱ ሸጉጦ ሲሸሽ የጫጩቶቹ ቀጫጭን እግሮች ከክንፉ ሥር ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። እንግዲህ አንድ ጀልባ እንግዶቹን ለማስደሰት ብሎ በሞተር ኃይል በዚያ ቅጠል መካከል ቢያልፍ የሚገለብጠው ቅጠል ብቻ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት በዕለተ ሐሙስ ከውሃ ከተገኙት ፍጥረታት ከፊሎቹ በባሕር ቀሩ፣ ከፊሎቹ ከባሕር ወጥተው ሄዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወጣ ገባ የሚሉ ሆኑ ይባላል። የዳርቻው እንግዶች ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ናቸው። ክረምቱ ተፈጽሞ ዘመነ መጸው ሊገባ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በየሌሊቱ እየወረዱ በጭቃው ላይ ይታያሉ፤ ሐጋዩን በሙሉ ይሰነብታሉ፤ ጸደይ በሚጠባበት በመጋቢትና በሚያዝያ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ የወገኖቹን ልብ ለመገሠጽ ሽመላን የወቅት ዐዋቂ ምስክር አድርጎ ሲጠራት ሐሰት አልተናገረም፤ ይህ የቀን አቆጣጠር በወፎቹ ሰውነት ውስጥ የተጻፈ ነው። ከመካከላቸው አንዲቱ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ክብደቷ 25 ግራም ያህል ብቻ የሆነ፣ ጥቁር እግርና ጥቁር ምንቃር ያላት ናት፤ የምትፈለፈለው በሰሜን ዋልታ አጠገብ ዛፍ በማይበቅልበት በረዷማ ምድር ነው። ሌላው በትውልድ አገሩ በመራቢያ ወራት አንገቱን በሰፊ ላባ አስጊጦ ከጓደኞቹ ጋራ የሚፎካከር፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ያን ሁሉ ጌጥ አራግፎ ተራ ቡናማ ሆኖ የሚውል ነው። ሦስተኛው በውሃው ጠርዝ ሲሄድ ጅራቱን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነው፤ ብቻውን መዋል ይወዳል።

እነዚህን ወፎች ማባረር ነውር የሚሆንበት ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አይደለም፣ ስሌትም አለበት። ወፉ ምንቃሩን ወደ ጭቃው እየሰደደ፣ በዐይኑ የማያያትን ትል በምንቃሩ ጫፍ ስሜት ፈልጎ ያወጣታል። ከሚበላው ከፊሉን ለዕለት ኑሮው ያውለዋል፣ የቀረውን ደግሞ ስብ አድርጎ በቆዳው ሥር ያከማቻል፤ ወደ ሰሜን ሲነሣ በረሃውንና ባሕሩን የሚሻገርበት ስንቅ ይህ ስብ ነውና። ሕፃን ለጨዋታ ሲሮጥበት፣ ውሻ ሲያሳድደው፣ ፎቶግራፍ አንሺ ክንፉን ሲዘረጋ ለማየት ድንጋይ ሲወረውርበት ይነሣል፣ ዞሮም ያርፋል፤ ተመልካቹ ምንም እንዳልጎዳው ያስባል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መነሣት ከስንቁ ቀንሷል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ ስንት ጊዜ እንደሚያስነሡት መገመት አያዳግትም። በባዶ መሬት ላይ እንቁላሉን የሚጥለው፣ በክንፉ መታጠፊያ እሾህ ያለው ነዋሪ ወፍም አለ፤ እንቁላሉ የአፈር ቀለም ስላለው ከሌባ ያድነዋል፣ ከጫማ ግን አያድነውም።

የዳርቻው ሌሎች ጠላቶች ዝምተኞች ናቸው። የዝናብ ጎርፍ ከመናኸሪያና ከሌሎቹ ሠፈሮች የሰበሰበውን ፌስታልና ፕላስቲክ በየቦዩ እየገፋ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፤ የዓሣ ሽታ የያዘ ፌስታል ለአባ ኮዳ ምግብ መስሎ ይታየዋል። የተጣለ መንጠቆና የተበጠሰ የናይለን ክር በእግር ተጠምጥሞ ሥጋ እስኪቆርጥ ድረስ ይጠብቃል። ቄጠማውና ደንገሉ ሲታጨድ፣ እርሻውም እስከ ውሃው ጠርዝ ሲወርድ፣ ደለሉን አጥልሎ የሚያስቀር ነገር አይኖርም። በዚሁ ተፋሰስ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ውሃነቱን ትቶ ረግረግ ሆኗል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎም በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ነጭ ፔሊካኖች የዕለት ምግባቸውን ከጎረቤቱ ከአቢጃታ እየበረሩ ያመጡ ነበርና፣ አቢጃታ ጎድሎ ዓሣው ሲያልቅ ጎጆአቸውም አብሮ ተፈታ። ወፍ የሚያድርበትና የሚበላበት ስፍራ ሁለት ሊሆን እንደሚችል፣ አንዱን ብቻ መጠበቅም እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያስፈልግም።

ዳርቻውን መጠበቅን ግን ለአገሩ ሰው ከውጭ የመጣ ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ ታላቅ ስሕተት ነው። ፊቼ ጨምበላላን እንይ። ዕለቱን የሚወስኑት ጨረቃንና ከዋክብትን የሚመረምሩት አያንቶዎች ናቸው፤ ትውፊቱም ፊቼ የተባለች ሴት በየዓመቱ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሰናዳ ቡሪሳሜ ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ ታበላ እንደ ነበር ይናገራል። ሰው ሁሉ ቄጣላ እየጨፈረ በአደባባይ በሚሰበሰብበት በዚህ በዓል የጎሣ መሪዎች ለሕዝቡ ምክርና ተግሣጽ ይሰጣሉ፤ ሥራ ውደዱ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት ራቁ ከሚለው ጋራ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ትእዛዝ አለበት። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዊንድሆክ ባደረገው ጉባኤ በዓሉን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በየደብሩ ዐፀድ ያለው ጥንታዊ ዛፍ ምሳር ሳይነካው የቆየው በጥበቃ ሠራተኛ ብዛት አይደለም፤ ስፍራው የተቀደሰ ነው ተብሎ ስለታመነ ነው። ዛፉን ያስከበረ በዓል ቄጠማውንና ጭቃውን ሊያስከብር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው ሽማግሌዎቹና ካህናቱ በሚሰጡት ምክር ውስጥ አንድ ቃል መጨመር ነው።

ለዚህ ሥራ አጋዥ የሚሆኑ ተቋማትም አሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መዝገብ ሐዋሳ ሐይቅን ለአዕዋፍ ጠቃሚ ከሆኑት የአገሪቱ ስፍራዎች መካከል ቆጥሮታል። ዓለም አቀፉ የውሃ አዕዋፍ ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር ይካሄዳል፤ ወራቱ ከጥምቀት ጋራ የሚገጥም ስለሆነ ለእኛ አገር ሰው የማይረሳ ነው። አቆጣጠሩም ቀላል ነው፤ ዳርቻው በክፍል በክፍል ይከፋፈላል፣ ቆጣሪዎቹ ማለዳ መነጽር ይዘው በየድርሻቸው ይቆማሉ፣ የተበታተነውን አንድ በአንድ፣ የተሰበሰበውን መንጋ ደግሞ በዐሥር በዐሥር እየገመቱ ይጽፋሉ። የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የሃያ ዓመት ቁጥር ግን ሐይቁ እየዳነ ወይም እየሞተ መሆኑን ይናገራል። የስደተኛ አዕዋፍ ቀንም አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በኬንያ ተጀምሮ አሁን በግንቦት መግቢያና በዘመነ ጽጌ ሁለት ጊዜ ይታሰባል። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ደንግጓል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ሆኖም አዋጅ በመጽሐፍ፣ ቆጠራም በባለሙያ እጅ የሚቀር ነውና፣ ሺሕ ሰው በሚወርድበት የበዓል ቀን ዳርቻውን ሊጠብቅ የሚችለው ያው በዓለኛው ራሱ ነው።

ስለዚህ የበዓል አስተናባሪዎች ሆይ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቄጠማውና ጭቃው ያለበትን ክፍል ለይታችሁ በገመድ አጥሩት፣ ለወጣቶችም አደራ ስጡት፤ በማግሥቱም ቆሻሻው ወደ ውሃው ሳይገባ ቦዩን አስጠርጉ። ጀልበኞች ሆይ፣ እንግዳችሁ ቢለምናችሁ እንኳ ወደ ተንሳፋፊው ቅጠል አትንዱ፤ ሞተር አጥፍታችሁ ከሩቅ ብታሳዩት ደስታው አይጎድልበትም። ዓሣ አጥማጆች ሆይ፣ የተበጠሰውን ክርና የታጠፈውን መንጠቆ ከጀልባው አውጥታችሁ በአንድ ሣጥን አጠራቅሙት። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ታኅሣሥ ገብርኤልን ልትሳለም በመናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርደህ ወደ ሐይቁ ስታልፍ፣ ያመጣኸውን ፌስታል ይዘኸው ተመለስ፤ በጭቃው ላይ የሚለቅሙትን ትናንሽ ወፎች ባየህ ጊዜ ሃምሳ እርምጃ ርቀህ ቁም፤ ልጅህንም እጁን ይዘህ ከየት እንደመጡ ንገረው።