የዴዴሳ ልጆችና የኃምሳ ሜትሩ ገንዳ

ወለጋን ከሌላው የሀገራችን ክፍል የሚለየው ቡናውና ወርቁ ብቻ ሳይሆን የውሃው ብዛትም መሆኑን፣ ከአምቦና ከጉደር አልፎ በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ዴዴሳ ከጅማ በኩል ካሉት ተራሮች ተነሥቶ፣ አንገርን በመንገዱ ተቀብሎ፣ ከዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ዳቡስ በምዕራብ፣ ብርብር በደቡብ፣ ፊንጫ በምሥራቅ ይወርዳሉ፤ ክረምቱም ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ሳይሰለች ስለሚዘንብ፣ ጅረት የሌለው ቀበሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ፈጣሪ ይህን ያህል ውሃ በሰጠው ምድር ያደገ ልጅ መዋኘት ቢችል አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው፣ ይህ ከወንዝ የተገኘ መክሊት በሰዓት ተለክቶ፣ በመምህር ተገርቶ፣ ከዓለም ዋናተኞች ጋር ወደሚያሰልፈው ስፍራ የሚወስደው መንገድ እስከዚህ ድረስ ጠባብ መሆኑ ነው።

የወንዝ ዋና ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ልጆቹ ልብሳቸውን ገፈው ከድንጋይ ሥር ይሸጉጣሉ፤ ትልቁ ቀድሞ ገብቶ ጥልቀቱን በእግሩ ይፈትሻል፤ ከዚያም ወንዙ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወስዳቸው አስቀድመው ገምተው፣ ሊደርሱበት ካሰቡት ዳር ብዙ ከፍ ብለው ይገቡና፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከማዶ ሳይነቅሉ ይቀዝፋሉ። ጎርፍ የነቀለው ግንድ በሚወርድበት፣ ጉማሬና አዞም በማይታጣበት በዴዴሳ ላይ ራስን ከውሃ በላይ አድርጎ መዋኘት ማስተዋል እንጂ ጥፋት አይደለም።

ይኸው ልማድ ግን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የመጀመሪያው ኃጢአት ነው። ራስ ከፍ ባለ ቁጥር ዳሌና እግር ይወርዳሉ፤ አካል አግድም መሆኑ ቀርቶ ሰያፍ ይሆናል፤ ከአየር ስምንት መቶ እጥፍ ያህል የሚከብደው ውሃም በዚያ ሰያፍ ደረት ላይ ሙሉ ክብደቱን ያሳርፋል። በነፃ ቀዘፋ የሠለጠነ ዋናተኛ ስለዚህ ፊቱን ወደ ገንዳው ወለል አቅንቶ ይሄዳል፤ ለመተንፈስ ሲሻ ራሱን አያነሣም፣ ወደ ጎን ብቻ ያዞራል፤ አንደኛው ጆሮው ውሃ ውስጥ እንደ ሆነ በአፉ ጥግ አየር ይስባል። እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ካስገባ በኋላ፣ ክንዱን በአጥር ላይ አሳልፎ ማዶ ያለ ነገር ለመያዝ እንደሚሞክር ሰው ክርኑን ከፍ አድርጎ ያቆያል፤ መዳፉና ክንዱ አንድ ላይ ሆነው ውሃውን ይዘው ወደ ኋላ ይገፉታል። እግሩንም የሚመታው ከጉልበቱ ሳይሆን ከዳሌው ነው። በ50 ሜትር ውድድር ታላላቆቹ ዋናተኞች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ብቻ ቢተነፍሱ ነው፤ ጭራሽ ሳይተነፍሱ የሚጨርሱም አሉ።

ደንቡ በነፃ ቀዘፋ ዋናተኛው የወደደውን ዓይነት ቀዘፋ ይቅዘፍ ይላል። ሆኖም ከሁሉ ፈጣን ሆኖ የተገኘው ሁለቱን እጆች እያፈራረቁ መቅዘፍ ስለ ሆነ፣ ነፃነቱ በወረቀት ላይ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ሥርዓት ይዋኛል። ለእኛ ሰው ይበልጥ ሊያስገርም የሚገባው ግን፣ ዛሬ ያለ ገንዳ የማይታሰበው ይህ ውድድር በልጅነቱ ገንዳ የማያውቅ መሆኑ ነው። ከዓድዋ ድል አርባ ቀን ያህል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ኦሊምፒክ፣ የሀንጋሪው ወጣት አልፍሬድ ሀዮሽ በፒሬዎስ ወደብ አጠገብ ካለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ከማዕበሉ ጋር እየታገለ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ22.2 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ የፓሪስ ተወዳዳሪዎች የዋኙት በሴን ወንዝ ላይ ነበር፤ ማለትም እንደ ጊምቢና እንደ አርጆ ልጆች የወራጅ ውሃ ዋናተኞች ነበሩ። ገንዳ የተሠራላቸው በ1900 ዓ.ም. በለንደን ነው። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ በፍጥነት ወረደ፤ አሜሪካዊው ጆኒ ዋይዝሙለር፣ ያ ኋላ በታርዛን ፊልም ዓለም ሁሉ ያወቀው ሰው፣ በ1914 ዓ.ም. 100 ሜትርን በ58.6 ሰከንድ ዋኝቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ የቻይናው ፓን ዣንሌ 46.40 አድርሶታል።

የአንድ ዋናተኛ የሥራ ዘመን የሚጀምረው ገና በጨቅላነቱ ነው። ሯጭ ትምህርት ቤት ለመድረስ በሚሮጥበት መንገድ ሳያውቀው ልምምድ ሊያደርግ ይችላል፤ ዋናተኛ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሆነው ከመምህር እጅ ካልገባ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነውም በየቀኑ ውሃ ውስጥ ካልዋለ፣ ኋላ የሚያሳየው ትጋት የጎደለውን አይሞላለትም። ረጅም ርቀት የሚዋኙት በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀዝፋሉ፤ የአጭር ርቀቶቹ ደግሞ ጉልበታቸውን በክብደት ማንሣት ይገነባሉ። ብዙዎች በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መዋኛ ልብሳቸውን ይሰቅላሉ። ነገር ግን አሜሪካዊው አንቶኒ ኤርቪን በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሊምፒክ በ19 ዓመቱ የ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ ከሀገሩ ልጅ ከጋሪ ሆል ጋር እኩል ገብቶ ከተካፈለ በኋላ፣ ዋናን ትቶ ለዓመታት ጠፍቶ፣ ሜዳልያውንም በሱናሚ ለተጎዱት መርጃ ሸጦ፣ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ በ35 ዓመቱ ያንኑ ወርቅ በ21.40 መልሶ ወሰደ፤ ፈረንሳዊውን ፍሎሮን ማኖዱን የቀደመው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነበር።

የእኛው ሮቤል ኪሮስ በዚያው ሪዮ ነበረ። በሀገራችን የነፃ ቀዘፋ ታሪክ ከሮቤል የበለጠ የተነሣ ስም የለም፤ የተነሣውም ለምስጋና አልነበረም። ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በተደረገው የ100 ሜትር ማጣሪያ በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ገብቶ፣ ሰዓት ከተያዘላቸው 59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሆነ፤ ወርቁን የወሰደው የአውስትራሊያው ካይል ቻልመርስ ሰዓት 47.58 ነበር። በስታዲዮሙ የነበረው ሕዝብ በጭብጨባ ሸኘው፤ የዓለም ወሬኛ ግን የሆዱን መጠን እያየ ዓሣ ነባሪ ብሎ ቀለደበት። በሀገር ቤት የተነሣው ቁጣ ደግሞ ሌላ ሥር ነበረው፤ አባቱ አቶ ኪሮስ ሀብቴ በጊዜው የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩና፣ ምርጫው ዝምድና ያለበት ነው ተባለ። በእኔ አስተያየት የምርጫው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ፌዴሬሽን የሚባል ሁሉ ማንን፣ በምን ሰዓትና በየትኛው ውድድር እንደ መረጠ ለሕዝብ ማሳየት አለበት። በሰው ገላ ላይ መሳለቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተሳለቁትም ብዙዎቹ ገንዳው ውስጥ ቢጣሉ መቶውን ሜትር ቀርቶ ሃያውን ይጨርሱት እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

በዚያ ሰሞን የሀገራችን ሰው ነገሩን ይበልጥ የመረረበት ከሦስት ቀን በኋላ በሆነው ምክንያትም ይመስለኛል። ከወለጋ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በመተከል፣ በወንበራ የተወለደችው አልማዝ አያና በዚያችው ከተማ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንዷን ጀግና፣ ሌላውን አሳፋሪ ማለት ይቀለዋል። ነገር ግን የሮቤልን ሰዓት ከታሪክ ጋር ላስተያየ ሰው ሌላ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ሮቤል ከ1888ቱ ሻምፒዮን ከሀዮሽ በ17.25 ሰከንድ ቀድሟል፣ ከሪዮው ሻምፒዮን ከቻልመርስም በ17.37 ሰከንድ ዘግይቷል፤ በመጀመሪያውና በዘመኑ አሸናፊ መካከል እኩሌታው ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሀዮሽ በባሕር ማዕበል ውስጥ መዋኘቱን እያስታወስን እንኳ፣ ሮቤል ያን ቀን በውሃው ላይ ያስነበበው የአንድ ሀገር የመዋኛ ገንዳ፣ የመምህርና የውድድር ታሪክ የት ላይ እንዳለ ነው። አልማዝ ከኋላዋ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ የተከማቸ ሥርዓት ነበራት፤ እርሱ እንዲህ ያለ ቅርስ አልነበረውም።

የሪዮው መግቢያ ሰዓት 48.99 ሆኖ ሳለ 1 ደቂቃ ከ04 የሚዋኝ ሰው እንዴት ኦሊምፒክ ደረሰ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከዓለም አቀፉ የዋና ማኅበር ደንብ ውስጥ ነው። የዋና ስፖርት ባልተስፋፋባቸው ሀገሮች ተስፋ እንዳይቆረጥ ተብሎ፣ የሚፈለገውን ሰዓት ያመጣ ዋናተኛ የሌለው ሀገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲያሰልፍ ይፈቀድለታል። በዚህ በር በ2004 ዓ.ም. በለንደን ሙሉዓለም ግርማና በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሰንደቅ ዓላማችንን ይዛ የገባችው ያኔት ሥዩም፣ በሪዮ ከሮቤል ጋር ራሔል ፍስሐ፣ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ አብዱልማሊክ ሙክታርና ሊና ዓለማየሁ ገብተዋል፤ ከሮቤል በቀር ርቀታቸው 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነበር። ከሁሉ የሚታወሰው የዚህ በር እንግዳ ግን የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ነው። መዋኘት ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ በሆቴል ገንዳ ተለማምዶ፣ በሲድኒ ለ100 ሜትር ቀረበ፤ አብረውት የተሰለፉት ሁለቱ ከምልክቱ በፊት ዘልለው በመግባታቸው ስለ ተሰረዙ፣ ብቻውን እየተንፈራገጠ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ደረሰ። በዚያው ኦሊምፒክ ሆላንዳዊው ፒተር ቫን ደን ሆኸንባንት እጥፉን 200 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ45.35 ሰከንድ፣ ሙሳምባኒ መቶውን ከጨረሰበት ባነሰ ጊዜ፣ ጨርሷል። ሙሳምባኒ ኋላ የሀገሩ የዋና ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ በዚህ ነገር ደስ የሚለኝ ካለ ይኸኛው ክፍሉ ነው።

ወደ ነቀምቴ እንመለስ። ብዙ ሰው ከፍታ የዋና ጠላት ይመስለዋል፤ የስፔኖች ሴራ ኔቫዳ የሥልጠና ማእከል ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,320 ሜትር ላይ የተሠራ ሆኖ፣ የብዙ ሀገር ዋናተኞች ደማቸውን ለማጠንከር እየከፈሉ የሚወጡበት ስፍራ ነው። ነቀምቴ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እነዚያ በገንዘብ የሚሹትን ከፍታ ልጆቿ በነፃ ይተነፍሱታል። የጎደለው ገንዳው ነው፤ ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 25፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ 2,500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ያ ሁሉ ውሃ መጣራት፣ በክሎሪን መታከም፣ ሌሊቱ በሚበርድ ደጋ ከተማም ሙቀቱ ለውድድር ከሚፈለገው ከ25 ዲግሪ እንዳይወርድ መሞቅ አለበት። በዚሁ በነቀምቴው መንገድ ላይ ያለችው አምቦ የማዕድን ውሃ መዋኛ ስላላት ታድላለች፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ የጊዮንን ገንዳ ያውቃል።

ወንዙን ብቻ ይዘን እንቀጥል የሚል ቢኖር አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በፊንጫ የስኳር ልማት አካባቢ በመስኖ ቦዮችና በተኛ ውሃ ዳር የሚኖረው ቀንድ አውጣ ብልሃርዝያን እንደሚያስተላልፍ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ያን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያገኘው የራሳችን ሊቅ አክሊሉ ለማ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለመዋኛ የሚመቸው ጸጥ ያለ ውሃ ለበሽታውም ይመቸዋል፤ በሽታው የማይደፍረው ፈጣን ውሃ ደግሞ ልጁን ይወስደዋል።

ስለዚህ ጥያቄው የኦሊምፒክ ገንዳ ይሠራ አይሠራ ከማለት አስቀድሞ መጀመር አለበት። በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ከከተማዎቹ አንዱ፣ 25 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ገንዳ ቢሠራ የሚያስፈልገው ውሃ 470 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም የትልቁ አምስተኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። በዚያ ገንዳ ላይ 100 ሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ጊዜ መዋኘት ይሆናል፤ ከወንዝ የመጣው ልጅም ሦስት ጊዜ ከግድግዳው ሲደርስ ተገልብጦ፣ በሁለት እግሩ ገፍቶ፣ ቀጥ ብሎ መውጣትን ይማራል። ዴዴሳ ሌላውን ብዙ ነገር ሊያስተምረው ይችላል፤ ይህንን ግን ሊያስተምረው አይችልም፣ መምህሩም ሰዓት መያዣውን የሚጫነው ከዚሁ ግድግዳ ጫፍ ቆሞ ነው።