እውነት ወይስ ተረት? «ፋሲካ ለልጅ ዶሮና አዲስ ልብስ ነው»

«ልጅ ስለ ትንሣኤ ምን ይገባዋል? ዶሮውን ይብላ፣ አዲስ ልብሱን ይልበስ፤ ሌላውን ሲያድግ ይደርስበታል።» ይህን ያልሰማ ወላጅ የለም፤ በአፋርም ከሰመራ እስከ ገላፊ ይባላል። እውነቱ ግን፣ ልጅ ያየውንና የነካውን ነገር ቶሎ ይረዳል፤ ከሆሳዕና እስከ ትንሣኤ ያለው ሳምንት ደግሞ በሚታይና በሚዳሰስ ነገር የተሞላ ነው። በሆሳዕና ዘንባባው ለጣቱ ቀለበት ይሆንለታል። ጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ያያል፤ ቤት ሲመለስ ጉልባን ይጠብቀዋል። ዓርብ ትልልቆቹ ሲሰግዱ ይውላሉ። ቅዳሜ የምሥራቹ ቄጠማ ግንባሩ ላይ ይታሰርለታል። «ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ እኛም እርስ በርስ እንድናገለግል ነው» ቢሉት ለአምስት ዓመት ልጅ ይበቃዋል።

ታዲያ ተረቱ ለምን አልሞተም? በዋዜማው እናት ከሽንኩርትና ከዶሮ ጋር ትታገላለች፤ አባት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ከሆነ ኬላ ላይ ተራ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ልጅ «ለምን?» ሲል «ስታድግ ትደርስበታለህ» ማለት ይቀላል።

«ስቅለትና ሞት ለልጅ አይወራም፣ ያስፈራዋል» የሚሉም አሉ። ከርኅራኄ የመጣ ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ልጁ የስቅለቱን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይቶታል፤ ዝም ሲባል የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። የሥቃዩን ዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። «ክፉ ሰዎች ሰቀሉት፣ ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ» ማለት በቂ ነው። ትንንሽ ልጆች የሞተ ሰው እንደማይመለስ ገና በደንብ አይረዱም። ስለዚህ «አያቴም እሑድ ይነሣል?» ቢልዎት አይደንግጡ። «እሑድ አይመጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በመጨረሻው ቀን ሁላችንም እንደምንነሣ ታስተምረናለች» ይበሉት። «ተኝቶ ነው» ብሎ ማለፍ ግን አይበጅም፤ ልጁን እንቅልፍ እንዲፈራ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው አባባል በአፋር ምድር ይበረታል፤ «ሙስሊም ጎረቤት በበዛበት ያደገ ልጅ ግራ ይጋባል» ይላል። ግራ የሚያጋባው የጎረቤቱ እምነት ሳይሆን የራሱን በዓል የሚያስረዳው ሰው ማጣቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ዋሉ። ያኔ ልጆች ሁለቱም ቤት ሲጾም አይተዋል። የጎረቤት ልጅ «እናንተ ምን ታከብራላችሁ?» ሲለው በራሱ አፍ የሚመልስ ልጅ በዓሉን በእርግጥ አውቆታል፤ ጎረቤቱንም ማክበር ይማራል።

ልጅዎ ሲጠይቅ የሚያውቁትን በአጭሩ ይመልሱለት፤ የማያውቁትን «ካህኑን አብረን እንጠይቅ» ይበሉት። ዶሮውም ልብሱም ይቅረብለት፤ ምክንያቱን ግን «ሲያድግ» ብለው አያቆዩበት።