ታርቀናል፣ ፋይሉን ዝጋልን

ሰውዬውን አሁንም በገበያ ቀን አገኘዋለሁ። ግራ ዓይኑ የለም፤ ጎረቤቱ በድንበር ሰበብ በመጥረቢያ እጀታ መትቶት ነው የጠፋው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽማግሌ ገባ፣ ካሣ ተቆረጠ። ለመርማሪያችን ሁሉን የተናገሩት ምስክሮች ችሎት ሲቀርቡ «አላየንም» አሉ። ተከሳሹ በነፃ ተሰናበተ። ከካሣው ግማሹ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ከተራ ፖሊስነት እስከ አዛዥነት ያገለገልኩት በትንንሽ ከተሞች ነው። የትም ብመደብ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ጋቢ የደረቡ አባቶች በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል። «ልጄ፣ ታርቀዋል፤ ፋይሉን ዝጋልን።» አልዘጋም ስል ሕዝብ የማይወድ ሰው እባላለሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ከመጣ ወዲህማ ብሷል፤ «ከሕዝብ ጋር እንሠራለን ትሉ የለም ወይ?» ይሉኛል።

አዎ፣ እንሠራለን። ስድብ ወይም የእጅ እልፊት ሲሆን ክሱ በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እሱ ይቅር ካለ እሰየው ነው። ዓይን ማጥፋት ግን ከባድ የአካል ጉዳት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል፤ የተበዳዩንም አቤቱታ አይጠብቅም። ክስ የሚመሠርተውም ዐቃቤ ሕግ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ጠለፋ ላይ ደግሞ አባቶች «ካገባት አለቀ» የሚሉትን ከሜዳ አላመጡትም። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሽሮታል፤ ጋብቻው ከቅጣት አያድንም። ብዙ ሽማግሌ ግን ዛሬም የሚፈርደው በድሮው ነው። ልጅቷ ምን ትላለች ብዬ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ አባቷና አጎቷ ናቸው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እርቁ ላይ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ጉልበትና ዘመድ ያላቸው ናቸው። ሆስፒታል የተኛው ድሃ፣ ወይም ደጋፊ የሌላት መበለት፣ «እምቢ» ብትል ነገ እድር ውስጥ በምን ዓይን ትታያለች? ምስክሮቹን ደግሞ ቃል እንዳይሰጡ ያስምሏቸዋል። ይህን እርቅ ብዬ መጥራት ይከብደኛል።

እርቁ ግን ያስፈልገኛል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሳይታረቁ እስረኛው ተፈትቶ ቢመጣ ደም መላሽ ይጠብቀዋል፤ ያኔ የምንቆጥረው ሬሳ ነው። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ሲገጥመኝ ሽማግሌዎቹን ራሴ እጠራለሁ፣ የተበዳዩን ሕክምና ማን እንደሚሸፍን አብረን እንነጋገራለን። ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተና ጉዳቱን የካሰ ሰው በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችልም አስረዳቸዋለሁ። የእርቁን ውል ጽፈው ሲያመጡ ከፋይሉ ጋር አያይዤ እልካለሁ። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምስክሮቹን አታስምሉብኝ።