የተመሳሰሉ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶች፦ ሐሳቡ የማን ነው? ስሙስ?



የዛሬውን ገለጻ በአንድ ምናባዊ ጉዳይ እጀምራለሁ። በሐዋሳ ከተማ በካንሰር የታመሙ ሕፃናትን የሚረዳ አንድ አነስተኛ ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ ለመድኃኒት መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ በሐይቁ ዳር የ5 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ያዘጋጃል፤ ካናቴራ ያሳትማል፤ ትኬት ይሸጣል። ዕለቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ አበባ ከሚገኝ ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ዝግጅቱ ድርጅቱ ለዓመታት ሲያካሂደው የኖረውን የእግር ጉዞ በስሙም፣ በቀለሙም፣ በአቀራረቡም ስለሚመስል እንዲቆም ይጠይቃል። ካናቴራው ታትሟል፤ የትኬቱ እኩሌታ ተሸጧል። ሁለቱም ወገኖች የቆሙት ለታመሙ ሕፃናት ነው። የማኅበሩ ቦርድ ምን ብሎ ይመልስ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስሜት «ለበጎ ሥራ ምን ክርክር ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ስሜቱ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያስራል። አንደኛው የዝግጅቱ ሐሳብ የማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ለጋሹ ገንዘቡን ሲሰጥ ለማን እየሰጠ መስሎት ነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። በእግር መጓዝ፣ መሮጥ፣ ቡና አፍልቶ እንግዳ መጥራት፣ ባዛር መክፈት የማንም ንብረት አይደለም። በብሪታንያ ማክሚላን የተባለው የካንሰር ሕሙማን መርጃ ድርጅት በየዓመቱ ሰዎች ቡና እየጠጡ ገንዘብ የሚያዋጡበት ዝግጅት አለው፤ እጅግ የታወቀ ነው። ሆኖም ከማክሚላን ፈቃድ ሳይጠይቅ ጎረቤቱን ለቡና መጥራት የማይችል ሰው የለም፤ ቡናን ለዓለም ባበረከተች አገር ይህን ማስረዳት አያሻም። በአገራችንም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው የጎዳና ላይ ሩጫ ይካሄዳል። 10 ኪሎ ሜትር መሮጥን ማንም ሊያጥረው አይችልም። «ታላቁ» የሚለው አጠራር ራሱ እንኳ በእንግሊዝ ከ1981 ጀምሮ የሚካሄደውን ታላቁን የሰሜን ሩጫ ያስታውሰናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የበጋ ወራት ዓለምን ያዳረሰው በራስ ላይ የበረዶ ውኃ የማፍሰስ ዘመቻ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዘመቻው ኤ.ኤል.ኤስ. ከተባለው የነርቭ ሕመም ጋር ከመቆራኘቱ በፊት ሰዎች ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ለልዩ ልዩ ድርጅቶች ይለግሱ ነበር። የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 115 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገኘ፤ በዚያው የነሐሴ ወር የዘመቻውን ስያሜ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ብርቱ ወቀሳ ሲደርስበትም ማመልከቻውን ወዲያው አነሣ። በብሪታንያ ደግሞ ያው ማክሚላን ዘመቻውን ለካንሰር ሕሙማን ሲያውለው «የሌላውን ቀማ» ተብሎ ተወቀሰ። ሁለቱም ወቀሳዎች የሚሉት ሲደመር ይህ ነው፦ ሐሳቡን የራስህ አታድርገው፤ ደግሞም ሌላው የራሱ ያደረገውን አትንካ። እርስ በርሳቸው መጣረሳቸውን ያስተዋለ ጥቂት ነበር።

ክብደቱ ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ጥቂት ልቆይበት።

በአሜሪካ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን የሚረዱ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ «ውንድድ ዋሪየር ፕሮጀክት»፣ ሌላው ኔብራስካ የሚገኘው «ውንድድ ዋሪየርስ» ይባል ነበር። የሁለቱም ስም «የቆሰለ ተዋጊ» ማለት ነው፤ ልዩነቱ አንድ ቃልና አንድ የብዙ ቁጥር ምልክት ብቻ ነው። የመጀመሪያው በሰፊው እያስተዋወቀ ስሙን ሲያገንን፣ በኮምፒዩተር ላይ ስሙን የፈለገ ለጋሽ የሁለተኛውን ድረ ገጽ ያገኝ ነበር። ለመጀመሪያው የተጻፉ ቼኮች ሳይቀሩ ለሁለተኛው ይደርሱ ነበር። ፍርድ ቤቱ በድረ ገጹ ላይ የእግድ ትእዛዝ ሲሰጥ የኔብራስካው ድርጅት ገቢ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ከማንኛውም የምስክር ቃል ይልቅ ይህ ማሽቆልቆል የለጋሾቹን መሳሳት አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። ልብ በሉ፦ የኔብራስካው ድርጅት ወታደሮችን አልረዳም የተባለ አይደለም። ጥፋቱ ለሌላው የታሰበውን ልግስና በስም መመሳሰል መውሰዱ ነው።

በዚያው 2010 ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ በጋዜጦች ላይ ወጣ። ሱዛን ጂ. ኮመን የተባለው የጡት ካንሰር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 በዳላስ ከተማ «ሬስ ፎር ዘ ኪዩር»፣ ማለትም «ሩጫ ለፈውስ» የተባለውን ዝግጅት ጀምሮ እጅግ ገንኖ ነበር። «ለፈውስ» የሚለውን ሐረግ በስማቸው የተጠቀሙ ትንንሽ ማኅበራት ከኮመን የሕግ ባለሙያዎች ተቃውሞ ደረሰባቸው። ከእነዚህ አንዱ ለሳንባ ካንሰር ካይት በማብረር ገንዘብ የሚያሰባስብ ነበር፤ ሌላው በሚኒሶታ የሚካሄድ በውሾች የሚጎተት የበረዶ ላይ ውድድር ነበር። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ሚዛኑ ያጋደለው ወደ ትንንሾቹ ነው። «ለፈውስ» የሕመም ሁሉ ተስፋ የሚነገርበት የጋራ ቋንቋ ነው፤ ለሳንባ ሕሙማን ካይት የሚያበር ሰው የጡት ካንሰር ሩጫ ላይ ያለ አይመስለውም። ለሕሙማን የተዋጣ ገንዘብም በሁለቱም ወገን ለጠበቃ ሲከፈል ለጋሹ ባያዝን ነበር የሚገርመው።

እንግዲህ መመዘኛው የአዘጋጁ ቅሬታ ሳይሆን የለጋሹ መሳሳት ነው። በእድሮቻችን ዘንድ ይህ የታወቀ ነው። በአንድ ከተማ በቅዱስ ሚካኤል ስም የሚጠሩ ብዙ እድሮች ይኖራሉ፤ አባሉ ግን የሰፈሩን ስም ጨምሮ ስለሚለያቸው ወርኃዊ መዋጮውን ለሌላው እድር አይከፍልም። ስሙ አንድ ነው፤ መሳሳት የለም።

በእኛ ሕግ የሚታየው ክፍተት ሌላ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሌላ ድርጅት ስም ጋር የሚመሳሰል ስም እንዳይመዘገብ ይጠብቃል፤ ይህ ግን የድርጅቱ ስም ነው፣ የዝግጅቱ አይደለም። ያልተገባ የንግድ ውድድርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚናገረው ስለ ነጋዴ ነው፤ የበጎ አድራጎት ማኅበርን ነጋዴ ብሎ መክሰስ ያስቸግራል። የሚቀረው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ገንዘብ ማሰባሰብ በዓለም አቀፉ የኒስ አመዳደብ በ36ኛው መደብ ውስጥ ያለ አገልግሎት ስለሆነ የዝግጅት ስምን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ጥበቃውም ለ7 ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። ነገር ግን ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ስሙን ሳያስመዘግብ ለዓመታት የደከመ ድርጅት ደብዳቤ ሲጽፍ ከጀርባው የሚቆምለት ሕግ ቀጭን ነው።

ወደ ሐዋሳው ቦርድ እንመለስ። እኔ ብጠየቅ በቅድሚያ የጉዞውን ቀን አትሰርዙ እላለሁ፤ መጓዝ የማንም አይደለምና። ስሙን ግን አስተካክሉ፤ የከተማውንና የማኅበሩን ስም ከፊት አድርጉ። በታተመው ካናቴራ ላይ የማኅበሩን ስም የያዘ ተጨማሪ ጽሑፍ ማተም ሁለተኛ ካናቴራ ከማሳተም ይረክሳል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንና የአጭር መልእክት መለገሻ ቁጥሩን በትኬቱና በማስታወቂያው ላይ በጉልህ አውጡ፤ በአገራችን ለጋሽ የሚሳሳተው ከስሙ ይልቅ በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ለአዲስ አበባውም ድርጅት በሽማግሌ በኩልም ቢሆን በአክብሮት መልስ ስጡ።

አንድ ነገር ይቀራል። ትኬት ከገዙት መካከል የአዲስ አበባው ዝግጅት መስሏቸው የገዙ ካሉስ? ቦርዱ ለገዢዎቹ ሁሉ አዘጋጁ ማን እንደሆነ አስታውቆ፣ ገንዘቡን መልሶ መውሰድ የሚፈልግ እንዲወስድ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል። የኔብራስካው ድርጅት ለሌላው የተጻፉትን ቼኮች በጊዜው መልሶ ልኮ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ምን መልክ ይይዝ እንደነበር ልናስብ እንችላለን። ስንቱ ገንዘቡን መልሶ እንደሚወስድ ግን በቅድሚያ ማወቅ አይቻልም፤ የመድኃኒቱ በጀት የተሠራው ደግሞ በተሸጠው ትኬት ላይ ነው። ቦርዱ ይህን ተገንዝቦ መወሰን ይኖርበታል።