ድካሙ የማን ዋስ ነው?

አንድ ሰው በሞተር ሳይክል በረሃ ሊያቋርጥ ስለተነሣ፣ ወዳጆቹና የሥራ ባልደረቦቹ አይተውት ለማያውቁት ሆስፒታል ወይም የውኃ ጉድጓድ ገንዘብ የሚያዋጡት ለምንድን ነው? ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከኮሌጅ ፓርክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንዙን ተሻግሮም እስከ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሐበሻ ስልኩ ላይ የጎፈንድሚ ሊንክ የማይደርሰው ሳምንት ጥቂት ነው። አብዛኛው ጥሪ ሕመም ወይም ሐዘን ይዞ ይመጣል። «እኔ እሮጣለሁ፣ ተራራ እወጣለሁ፣ ብስክሌት እነዳለሁ፤ እናንተ ደግሞ እጃችሁን ዘርጉ» የሚለው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ችግር አልደረሰበትም፣ ችግሩን ፈልጎ ነው የሚገባበት። ይህ ልማድ ጫፉ ላይ የደረሰው በበረሃ ራሊ ነው።

ከራሊዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ዳካር ነው። ጀማሪው ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1977 ከአቢጃን ወደ ኒስ በተደረገ ውድድር ላይ ሊቢያ በረሃ ውስጥ ከነሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ተረፈ። ሌላው ሰው ቢሆን ሁለተኛ አሸዋ አላይም ይል ነበር፤ እሱ ግን ሰው ሰብስቦ የሚመለስበትን መንገድ ማሰብ ያዘ። በ1978 መጨረሻ 182 ተሽከርካሪዎች ከፓሪስ ተነሥተው ዳካር የደረሱት 74 ናቸው። በሞሪታንያ የጸጥታ ስጋት የ2008ቱ ውድድር ከተሰረዘ በኋላ ራሊው ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ የሚካሄደው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ነው። ፋብሪካዎቹ የሚልኳቸው ሞተረኞች መካኒኮቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ረዳት በማይፈቀድበት ምድብ የሚገባው አማተር ግን ያለው አዘጋጆቹ የሚጭኑለት 80 ሊትር የምትይዝ ሳጥን፣ ድንኳን፣ ትርፍ ቸርኬና ጎማ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአሸዋ ጋር ሲታገል ውሎ ሰፈሩ ሲደርስ ዘይት የሚቀይረው፣ አቧራ የጠጣውን ፊልትሮ የሚያወጣው፣ ጎማ የሚፈታው ራሱ ነው፤ ጎሚስታም መካኒክም እሱው። ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ ሥራውን ሲጨርስ ለእንቅልፍ የሚተርፈው ጥቂት ሰዓት ነው። ለዚህ ሁሉ መከራ መመዝገቢያው ብቻ ከ15,000 ዩሮ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ድካም ኪስ ይከፍታል። ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ራሳቸው የሚካፈሉበት የበጎ አድራጎት ዝግጅት ሕመምና ጥረት ሲኖርበት ከምቹው ግብዣ ይልቅ የበለጠ ለመስጠት እንደሚዘጋጁ አሳይተዋል። ውጤቱ የሚበረታውም ገንዘቡ ለተቸገረ ሰው ሲውል ነው፤ ለመናፈሻ ሲሆን ይቀዘቅዛል። ቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ በእግሩ የሚጓዘውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣውን ስለተኛ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ ምርምር የሚሻ ነገር አይደለም። ስለተኛው በድካሙ ቃሉ የእውነት መሆኑን ያሳያል። ሞተረኛውም የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ስለተኛው የሚያሳየው ለፈጣሪው ሲሆን ሞተረኛው የሚያሳየው ለእኛ መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ልብን አንመረምርም። ድካሙን እንደ ዋስ ይዘን እንሰጣለን። ክርክሬ እዚህ ላይ ነው፦ ድካሙ ዋስ የሚሆነው ለሞተረኛው እንጂ ገንዘቡን ለሚቀበለው ድርጅት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው።

ማስረጃው ከዳካር ታሪክና በዚያው ሰሞን ከሆነው ይገኛል፣ የእኛም ስም አለበት። በ1985 የፈረንሳይ ዘፋኞች በሬኖ አስተባባሪነት «ኢትዮጵያ» የሚል ዘፈን አውጥተው ገቢውን ለድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሰጡ። የዘፋኞቹ ቅንነት አያጠራጥርም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ግን የቡድኑ የፈረንሳይ ክፍል፣ ደርግ ሕዝቡን በግዳጅ ማስፈሩንና እርዳታውን ለዚያ መጠቀሙን ስለተቃወመ ከኢትዮጵያ ተባረረ። ፓሪስ ላይ የተዋጣ ገንዘብ ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የሰጪው ስሜት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥር 1986፣ ሌላው ዝነኛ ዘፋኝ ዳንኤል ባላቮን ከዳካር ራሊ ጋር ማሊ ገባ፤ የመጣው ለውድድር ሳይሆን ለመንደሮች የሚታደል የውኃ ፓምፕ ለመከታተል ነበር። ሳቢንና እሱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ወድቆ አምስቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ከዚህ የሚበልጥ መስዋዕትነት አይጠየቅም። ሆኖም የፓምፕ ዕድሜ የሚለካው በሰጪው መስዋዕትነት አይደለም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ሲሶው ያህል በማንኛውም ጊዜ የማይሠሩ እንደሆኑ ሲገመት ኖሯል፤ አንዱ ምክንያት የመለዋወጫና የጠጋኝ እጦት ነው።

ከዚያ አደጋ በኋላ የመጣው ነገር ተቃራኒውን ያሳያል። የሄሊኮፕተሩ አብራሪ ፍራንሷ ግዛቪዬ ባኙ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። እናቱ አልቢና ዱ ቧሩቭሬ አብዛኛውን ሀብቷን ሸጣ በ1989 በልጇ ስም ድርጅት አቋቋመች፤ ድርጅቱ በኤድስ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችንና ቤተሰቦችን ለዓመታት ሲደግፍ ኖሯል። ሌላም አለ። የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ዝነኛው ራንዲ ማሞላና ጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያ ሄደው ለጤና ሥራ የተሰጡ ተሽከርካሪዎች በጥገና እጦት ቆመው አዩ። ከዚያ የተወለደው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት እንደ ሌሴቶና ጋምቢያ ባሉ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ሞተር መንዳትና መንከባከብ አስተማረ። ሞተረኛ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ፊልትሮ በጊዜው ካልተቀየረ ምን እንደሚከተል ነውና፣ የሰጡት እውቀታቸውን ነው። በእኔ ግምት ይህ አሥር በረሃ ከማቋረጥ ይበልጣል።

«ታዲያ የመመዝገቢያውንና የትኬቱን ገንዘብ በቀጥታ ቢልከውስ?» ለሚለው መልሱ ቀላል አይደለም። ተቃውሞው የሚዘነጋው ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ ለድሆች የተመደበ አለመሆኑን ነው። ሰውየው ባይሄድ ኖሮ ምናልባት ጀልባ ይገዛበት ነበር። የእሱ ጉዞ ካልጠራቸው ደግሞ የማይሰጡ ወዳጆች አሉት፣ የእነሱ መዋጮ ትርፍ ነው። ተቃውሞው እውነት የሚሆነው ሁለቱ ኪሶች ሲቀላቀሉ ነው፤ ከእኛ የተሰበሰበው ጎማና ነዳጅ ከገዛ በበጎ አድራጎት ስም ሽርሽር ከፍለንለታል። ያለ በረሃም መስጠት እንደሚቻል በ2017 ዓ.ም. የካቲት አይተናል። አረጋውያንንና ሕሙማንን የሚረዳው መቄዶንያ ለሕንጻው ማጠናቀቂያ በቀጥታ ሥርጭት ሲለምን ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም ገንዘብ ጎረፈ፤ ማንም አሸዋ ውስጥ መውደቅ አላስፈለገውም። ሕዝቡ አረጋውያኑንና ሕሙማኑን ማን እንደሚያነሣ ለዓመታት ሲያይ ስለኖረ ሌላ ዋስ አልጠየቀም።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የአደጋው ነው። በ1982 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ማርክ ታቸር ለስድስት ቀን ሰሃራ ውስጥ ጠፍቶ የአልጄሪያ ጦር ነው ያገኘው። በ1988 ማሊ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ በተወዳዳሪ መኪና ተገጭታ ሞተች፤ እሷ ለማንም በጎ ሥራ አልተመዘገበችም ነበር። ፈረንሳዊው አማተር ፒየር ሸርፓ በዚያው ረዳት አልባ ምድብ ሲወዳደር ወድቆ በ2021 ሞተ። የራሱን ነፍስ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው መብቱ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ለሕፃኗ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ቢሰበሰብ መልስ የለኝም። ውድድሩ መንደር የሚያቋርጥ ከሆነ አለመስጠት ይሻላል።

ለቀረው መመርመሪያው እጃችን ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ ከግብር ነጻ የሆኑ አብዛኞቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ የሚያቀርቡት ፎርም 990 ለማንም ክፍት ነው፤ ገቢው፣ የኃላፊዎቹ ደመወዝ፣ ለሥራው የዋለው ሁሉ ይታይበታል። በግለሰብ ስም የሚሰበሰበው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፣ ከግብርም አይቀነስም። ሞተረኛው የጉዞ ወጪውን ከራሱ መክፈሉን አስቀድሞ ቢጽፍ፣ የሚቀበለውን ድርጅት ስም ቢጠቅስ፣ ከዓመት በኋላም ፓምፑ ውኃ ይሰጥ እንደሆነ ቢነግረን፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተቃጥሎ ቢመለስ እንኳ መዋጮዬን መልስልኝ አልለውም።