ሰማዩን ማን አከፋፈለው?

የፓሪሱ ሞንፓርናስ ሕንፃና አዲስ አበባ ላይ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወደ 210 ሜትር ይጠጋሉ። የንግድ ባንኩ በ2022 ሲመረቅ የአገራችን ረጅሙ ሕንፃ ሆነ፤ ብዙዎችም ኮሩበት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፓሪሱ ግን በ1973 ሲጠናቀቅ ነዋሪውን አስቆጣ። በ1977 በከተማዋ ክልል የሚሠራ ሕንፃ ከ37 ሜትር እንዳያልፍ ተደነገገ። ገደቡ በኋላ ላላ ብሎ ነበር፤ በ2023 ግን የከተማዋ ምክር ቤት ወደ ነበረበት ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ዛሬ አብዛኞቹ ረጃጅም የፓሪስ ሕንፃዎች የሚገኙት ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎ፣ ላ ዴፋንስ በሚባለው ሰፈር ነው።

ያው ቁመት አንዱ ጋ ኩራት፣ ሌላው ጋ ቁጣ አመጣ። ስለዚህ የታላላቅ ከተሞችን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ይበልጣል?» እያሉ ሜትር መቁጠር ብዙ አያስተምርም። የሚያስተምረው፣ ሕንፃዎቹ ከዚያ በላይ እንዳይሄዱ ያገዳቸው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ድሮ ያገዳቸው የሰው ጉልበት ነበር። በየቀኑ አሥር ፎቅ ደረጃ ለመውጣት ኪራይ የሚከፍል ሰው አይገኝም። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 ኒው ዮርክ ላይ ገመዱ ቢቆረጥም የማይወድቅ አሳንሰር ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ላይኛው ፎቅ ተፈላጊ እየሆነ መጣ። ሌላው እንቅፋት የግድግዳ ክብደት ነበር። ቺካጎ ውስጥ በ1891 የተሠራው ባለ 16 ፎቁ ሞናድኖክ በጡብ ግድግዳ ስለቆመ ግርጌው ላይ 1.8 ሜትር ውፍረት አስፈልጎታል፤ እጅግ ውዱን የምድር ቤት ቦታ ጡቡ በላው ማለት ነው። እዚያው ቺካጎ ቀደም ብሎ በ1885 የተሠራው ባለ 10 ፎቁ ሆም ኢንሹራንስ ግን አብዛኛውን ክብደቱን በብረት አጽም ላይ አሳርፎ ነበር። ይህ ዘዴ ከተስፋፋ ወዲህ አንድ ትልቅ ከተማ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ምክንያቱ የምህንድስና አቅም ማጣት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ወይ ሕግ ነው፣ ወይ መሬት ነው፣ ወይ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ዋናዋ ማስረጃ ኒው ዮርክ ናት። በ1915 በታችኛው ማንሃተን ኢኩዊተብል የተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ቦታውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጎረቤቶቹ ፀሐይ አጡ፤ የጨለመ ቢሮ ደግሞ ተከራይ ያጣል። ከተማዋ በ1916 አዲስ የግንባታ ደንብ አወጣች። ደንቡ ቁመትን አልከለከለም። ግድግዳው በመንገዱ ስፋት ልክ ከሚወሰን ከፍታ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይሰብሰብ አለ፤ ከቦታው ሩብ በሚሆነው ላይ ግን ባለቤቱ እስከፈለገው ድረስ እንዲወጣ ፈቀደ። የ1930ው ክራይስለርና የ1931ዱ ባለ 381 ሜትር ኢምፓየር ስቴት ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየቀጠኑ የሄዱት በዚህ ደንብ ነው። ብዙ ሰው የአርክቴክቶቹ ምርጫ ብቻ ይመስለዋል። ውበቱን እነሱ አመጡት፤ ቅርጹን ያዘዘው ግን በታች በመንገዱ ለሚሄደው ሰው ብርሃን የተጨነቀ ሕግ ነው። እኔ ሕጉን ከሕንፃዎቹ አሳንሼ አላየውም።

ያ ደንብ በ1961 ሲተካ ዋናው መለኪያ ጠቅላላ የወለል ስፋት ሆነ። ለቦታው የተፈቀደለትን ወለል ያልሠራ ባለንብረት የቀረውን ለጎረቤቱ መሸጥ ይችላል፤ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ያለውን ባዶ አየር ይሸጣል እንደ ማለት ነው። ከሴንትራል ፓርክ በስተደቡብ በ57ኛው ጎዳና የበቀሉት ቀጫጭን የመኖሪያ ማማዎች የዚህ ገበያ ልጆች ናቸው። አንደኛው 435 ሜትር ሲረዝም ወርዱ 18 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ዋሽንግተን ፍጹም ሌላ ናት። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ የመሀል ከተማዋ ጣሪያዎች በአንድ ልክ የተቆረጡ ይመስላሉ። ሕንፃ ከኮንግረሱ መቀመጫ ከካፒቶል ጉልላት እንዳይበልጥ ታስቦ ነው ሲባል ይሰማል፤ የሕጉ መነሻ ግን ይህ አይደለም። በ1894 ኬይሮ የተባለ፣ ወደ 50 ሜትር የሚደርስ አፓርታማ በመኖሪያ ሰፈር መሀል ሲቆም ጎረቤቶቹ ተቃወሙ። እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መሰላል አይደርስም የሚለው ስጋትም ትልቅ ክብደት ነበረው። ኮንግረሱ በ1899 ገደብ አወጣ፤ በ1910 ደግሞ ቁመቱን ከመንገዱ ስፋት ጋር አሰረው፦ የመንገዱ ስፋት ሲደመር 6 ሜትር፣ በአብዛኛው የንግድ ጎዳና ቢበዛ 40 ሜትር ያህል። የመሰላሉ ችግር ከተፈታ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሕጉ ግን አሁንም አለ። ባለሀብቱም እያንዳንዷን የተፈቀደች ሜትር ለመጠቀም ሲል ሣጥን የመሰለ ሕንፃ ይሠራል። ረጃጅሞቹ ደግሞ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሮዝሊን ላይ ቆሙ።

ለንደን የመረጠችው መንገድ ረቀቅ ያለ ነው። ሁሉን ከማገድ ይልቅ እይታ መርጣ ጠበቀች። 111 ሜትር የሚረዝመው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከተወሰኑ ኮረብታዎች፣ ድልድዮችና ፓርኮች እንዲታይ ተብሎ በመሀል ባለው የዓይን መስመር ላይ የሚሠራ ሕንፃ በጥብቅ ይገደባል። ከሪችመንድ ፓርክ የሚነሣው መስመር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጉብታው ላይ ቁጥቋጦው ሆን ተብሎ ተከፍቶ፣ በዚያች ቀዳዳ ጉልላቱ ይታያል። በ2014 የተጠናቀቀው ባለ 225 ሜትር ሌደንሆል ሕንፃ እንደ ሽብልቅ ወደ ኋላ ተዳፍቶ የተሠራው ከፍሊት ስትሪት ለሚመጣ ሰው ካቴድራሉን እንዳይጋፋ ነው። የለንደን ማማዎች አንድ ቦታ ተጨናንቀው፣ ሌላ ቦታ ድንገት ባዶ የሚሆኑትም በብዛት በእነዚህ የማይታዩ መስመሮች የተነሣ ነው። ከሁሉም የምወደው ይህን ዘዴ ነው፤ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነውና።

ሆንግ ኮንግን ወደ ላይ የገፋት የመሬት ጥበት ነው። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ የተገነባበት መሬት ግን ከጠቅላላው ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ቀሪው በአብዛኛው ተራራና ጥብቅ ደን ነው። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ በሊዝ ጨረታ ስለሚሰጥ፣ ውድ መሬት የገዛ ሁሉ ፎቅ በመደራረብ ወጪውን ለመመለስ ይሮጣል። ካውሉን የተባለው ክፍል ግን ለብዙ ዓመታት ዝቅ ብሎ ኖረ፤ የካይ ታክ አየር ማረፊያ አውሮፕላኖች ከቤቶቹ ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብለው ያርፉ ነበርና። ማረፊያው በ1998 ተዘግቶ ገደቡ ሲላላ ያ ሰፈርም ማደግ ጀመረ። ያኔ አዲስ ጥያቄ መጣ፦ ከኋላ ያለው የተራራ ጫፍ ሊሸፈን ነው። የከተማዋ ዕቅድ አውጪዎች ከተመረጡ ቦታዎች ሲታይ ከተራራው ላይኛው 20 በመቶ በሕንፃ እንዳይጋረድ የሚል መመሪያ አላቸው፤ ሁልጊዜ ግን አልተከበረም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረው ያዩዋት ዱባይ የመሬት ጥበት አላስገደዳትም፤ በዙሪያዋ በረሃው ሰፊ ነው። በ1979 ባለ 39 ፎቁ የዓለም ንግድ ማዕከል ሲቆም አካባቢው ገና ባዶ ነበር። በ2010 የተከፈተው ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የላይኛው 244 ሜትር ሰው የማይገለገልበት ነው። ያም ሆኖ ሒሳቡ ያስኬዳል፤ ማማው በዙሪያው ያሉትን አፓርታማዎች፣ ሆቴሎችና የገበያ አዳራሽ ያስወድዳል። ገንዘብ ሲያጥር ምን እንደሚሆንም እዚያው ታየ። ሲገነባ ቡርጅ ዱባይ ይባል ነበር፤ አቡ ዳቢ በዕዳ ለተጨነቀችው ዱባይ በ2009 መጨረሻ 10 ቢሊዮን ዶላር ካቀረበች በኋላ ሕንፃው የተመረቀው በወቅቱ በነበሩት የአቡ ዳቢ ገዥ በሼኽ ኸሊፋ ስም ነው።

የካይ ታክ ታሪክ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። አውሮፕላን በሚነሣበትና በሚያርፍበት መስመር ላይ የሕንፃ ቁመት መገደቡ ዓለም አቀፍ ደንብ ስለሆነ ቦሌም ከዚህ አይወጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ትልቅ አዲስ አየር ማረፊያ ለመሥራት ተነሥቷል። ቦሌ ላይ በረራ እስካለ ድረስ ገደቡ ይቆያል። በረራው ሲቀንስ ግን የዚያ አካባቢ መሬት ዋጋ መለወጡ አይቀርም፤ ከየትኛው አደባባይ እንጦጦ ይታይ የሚለውም ሊወሰን የሚገባው መሬቱ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ነው።