ለዓይን የማይታይ ብናኝና የውሃችን ሕይወት

ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱም 166 ሜትር ያህል የሆነ ውሃ ነው። ውበቱን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታየውን የሐይቆች አረንጓዴ ፍጥረት፣ ዋቅላሚን (አልጌን)፣ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዋቅላሚ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲያዘጋጅ ለውሃው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ደቂቅ የውሃ ነፍሳት እርሱን ይመገባሉ፤ ነፍሳቱም ለዓሣ ምግብ ይሆናሉ። ስለዚህ ዋቅላሚ ሲጎዳ ሐይቁ ሁሉ ይጎዳል።

በዘመናችን ብር፣ መዳብና ዚንክ እጅግ ደቅቀው፣ ናኖ በሚባል መጠን ይሠራሉ። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ብናኙ በቁስል መሸፈኛ፣ ፀሐይን በሚከላከል ቅባትና በአንዳንድ ልብስ ውስጥ ይገኛል፤ በእጥበትም ጊዜ ወደ ውሃ ይወርዳል።

ታዲያ ጉዳት የሚያመጣው ደቃቅነቱ ብቻ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2007 የአውስትራሊያ ሊቃውንት የዚንክ ኦክሳይድን ናኖ ብናኝ፣ ተራውን ዱቄትና የዚንክ ጨውን በዋቅላሚ ላይ ፈተኑ። የሦስቱም ጎጂነት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም መርዙ በውሃ የሟሟው ዚንክ ነበር። በ72 ሰዓት ውስጥ ዕድገቱን በግማሽ የቀነሰው መጠን በሊትር 60 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። በዚህ ስሌት 1 ግራም ዚንክ 800 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበክላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የስዊዘርላንድ ሊቃውንት የብር ብናኝ ዋቅላሚ በብርሃን ምግቡን የማዘጋጀት ኃይሉን እንደሚያዳክም፣ በዚህም የሟሟው ብር ዋና ድርሻ እንዳለው ገለጹ።

ዚንክ ግን የሰው ጠላት አይደለም፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። መድኃኒትነቱን ወይም መርዝነቱን የሚወስነው መጠኑና የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የተራ ባትሪ ድንጋይ ቅርፊት ከዚንክ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያለቀውን ድንጋይ በቦይ ወይም በወንዝ መጣል አይገባም፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ ማከማቸት ይሻላል። ከዳንግላ አካባቢ ጅረቶች ወደ ግልገል አባይ የሚገቡት መጨረሻቸው ጣና ሐይቅ ነውና፣ በላይ የተጣለው በታች ያለውን ይደርሰዋል።

መምህራን ሆይ! ከኩሬ የተቀዳ አረንጓዴ ዋቅላሚ በብርጭቆ አድርጋችሁ በፀሐይ አኑሩት። ተማሪዎቻችሁ የሚወጣውን የአየር አረፋ ሲያዩ፣ ንጹሕ ውሃ ሕያው ውሃ መሆኑን ይረዳሉ።